ካራ፣ አሞራ፣ በላ

እኔ በዕድሜዬ አንድ አጥቢያ ሙሉ ሰው ከነከብቱ፣ ከነጥጃው፣ ከነአውራ ዶሮው አሰድጃለሁ። ጦር አልመራሁም። ቤት አላቃጠልኩም። ሦስት የፍቅር ቃል ተረጎምኩ፣ በቃ። መተርጎም ይህን ያህል አደገኛ ሥራ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ቢነግረኝም የምሰማበት ዕድሜ ላይ አልነበርኩም።

ጊዜው የጣልያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ደብረ ኤልያስ ስድስት ዓመት ቅኔ ስቆጥር ቆይቼ፣ አገሩ ታውኮ ጉባኤው ሲበተን ደበሎዬን ጠቅልዬ ሮብ ገበያ አጠገብ ወዳለው መንደራችን ተመለስኩ። ሰዉ ሁሉ ስሜን ትቶ «ተሜ» ይለኝ ነበር፤ ተማሪ ለማለት ነው። ስድስት ዓመት ቅኔ የቆጠረ ሰው ደግሞ አንድ በሽታ ይዞ ይወጣል። ቃል ሲሰማ በቁሙ መተው አይችልም። ጎረቤቱ «ደህና አደርክ?» ሲለው ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁ የቱ ነው እያለ መንገድ ላይ ይገተራል። እኔ በዚያ ላይ ሌላ በሽታ ጨምሬ ነበር። ወደ አገሬ ስመለስ ደብረ ማርቆስ አንድ ወር ከርሜ፣ ከገበያው ውስጥ አሥራ አንድ የጣልያን ቃል ለቃቅሜ መጣሁ። ብዎን ጆርኖ፣ ባስታ፣ አቫንቲ፣ ቱቲ... ቀሪዎቹን እንደ አስፈላጊነታቸው ታገኟቸዋላችሁ።

በመንደራችን አንድም የጣልያን ቃል የሚያውቅ ስላልነበረ አሥራ አንዱ እንደ አሥራ አንድ ሺህ ተቆጠሩልኝ። የአጥቢያው ጭቃ ሹም አያ ቢሻው በሕዝብ ፊት «አስተርጓሚያችን» ብለው ጠሩኝ። እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚያ ዝምታ ላይ ነው።

አሁን አክስቴን ላስተዋውቃችሁ። በእኛ አገር፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ ባልና ሚስት በሰው ፊት መቆላመጥ ነውር ነው። አባቴ እናቴን በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። «አንቺ» ካላት ሰላም ናቸው። «አንቺ ሴት» ካላት በዚያ ሰሞን ፍቅራቸው ደርቷል ማለት ነው። የአባቴ እህት ይመኙሻል ግን የቤተሰቡን የቁልምጫ ድርሻ ጠቅልላ ብቻዋን የወሰደች ሴት ነበረች። ለጥጃዋ «ልሙትልህ» ትላለች። ለዶሮዋ «ዓይኔ» ትላለች። ሌባ ማሳዋ ውስጥ ይዛ «ምነው ሆዴ፣ ምነው አንጀቴ፣ አፈር ልብላልህ፣ በቆሎዬን ተውልኝ» ስትለው ሌባው አልቅሶ የሰረቀውን አስቀምጦ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ባሏ ሞቷል። አንድ ልጇ አያሌው ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገብቷል፤ ከአርበኞቹ ጋር በጮቄ በኩል ነው። ይህንን አጥቢያው በሙሉ ያውቃል። የማያውቀው ጣልያን ብቻ ነው፤ ይመስለን ነበር።

የእኛ ጣልያን ቤፔ ይባል ነበር። ወታደር አይደለም፣ ግንበኛ ነው። ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ነጭ ሪዛም፣ የሰሌን ባርኔጣ የሚያደርግ ሽማግሌ። ከመንደራችን በታች ካለው ወንዝ ላይ ድልድይ ሊሠራ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ። የአጥቢያችን ሰዎች ድንጋይ ይሸከሙለታል፣ በግድ ነው። እኔ ደግሞ ቆሜ «ቱቲ! አቫንቲ!» እያልኩ እጮህባቸዋለሁ። ለዚህ ሥራዬ ምን ያህል እንደተጠላሁ በኋላ የታወቀኝ ነገር ነው።

አክስቴ ለቤፔ በየሁለት ቀኑ እንቁላል ታመጣለታለች። እሱ «እንኩላል! እንኩላል!» እያለ እንደ ሕፃን ይፈነጥዛል፣ እሷ «እሰይ የኔ ጌታ፣ ብላልኝ» ትለዋለች። ሁለቱም አይግባቡም፣ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። እኔ በመካከላቸው ባልገባ ኖሮ እስከ መጨረሻው ደስ እንዳላቸው ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አክስቴ እንቁላሏን በእንቅብ ይዛ ስትመጣ ቤፔ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ ያነባል። ዓይኑ ቀልቷል፣ አፍንጫው ቀልቷል፤ በእርግጥ በደህናውም ቀን ቀይ ነው። አክስቴ ደነገጠች።

«ምን ሆንክብኝ ሆዴ?» አለችው።

ቤፔ ብድግ አለ። ደብዳቤውን እያወዛወዘ «ካራ!» አለና እጁን ወደ ገዛ አንገቱ ሰደደ። «አሞሬ!» አለና አምስት ጣቱን ሰብስቦ አፉ ላይ አድርጎ ወደ ሰማይ በተናቸው። «ቤላ! ቤላ!» አለና ከንፈሩን ጧ አድርጎ የአክስቴን ጉንጭ ቆንጠጥ አደረገ።

አክስቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ተሜ፣ ምን አለኝ?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ሁለት ሰከንድ የማይፈጅ ቃል ነው። ግን ሃያ ድንጋይ ተሸካሚ ቆሞ ይሰማል፣ እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ነኝ፣ የስድስት ዓመት ቅኔዬም ከውስጥ ይገፋኛል። ቃሎቹን አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው። እንዴት ያምራሉ! እንዴት ይገጥማሉ! እጁ አንገቱ ላይ ሲሄድ ካራ። ጣቱ ወደ ሰማይ ሲበተን አሞራ። ከንፈሩ ሲንጣጣ በላ።

«አክስቴ፣ አትደንግጪ» አልኩ፤ እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው መቼም የሚያስደነግጥ ነገር ሳይናገር አይቀርም። «አንገትሽን በካራ እቆርጠዋለሁ፣ አሞራም ይበላሻል ነው የሚልሽ።»

«ጉንጬንስ ለምን ቆነጠጠኝ?»

«ሥጋሽን ሲገምት ነው።»

እንቅቡ ከእጇ ወደቀ። ቤፔ እንቁላሎቹ ሲፈነዱ አይቶ «ኦ! ኦ!» እያለ ሊለቅምላት ሲያጎነብስ አክስቴ ዳገቱን አጋምሳዋለች። ድንጋይ ተሸካሚዎቹም ድንጋያቸውን ጥለው ከኋላዋ። አንዱ የደነገጠ ድንጋዩን እንደተሸከመ መንደር ገባ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ወይራው ሥር አጥቢያው ተሰበሰበ። አያ ቢሻው ነገሩን እንደገና እንድናገር አዘዙኝ። ሁለተኛ ሲነገር ትንሽ አማረ፤ ካራው ባለ ሁለት ስለት ሆነ።

«ለምን ይመኙሻልን?» አሉ አያ ቢሻው። «እንቁላል በምትሰጠው ሴት ላይ?»

«አያሌውን ደርሰውበታል!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

የመንደራችን ቄስ አባ ወልዴ መስቀላቸውን ጨብጠው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አንተ ተሜ፣ በደንብ አስበው። እሷን ብቻ ነው ያለው ወይስ ሁላችንን?»

አሰብኩ። ማሰብ ካልቀረልኝስ በደንብ ላስብ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «አባ፣ 'በላ' ያለው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አክስቴ ናት። ሁለተኛው እኛ ሳንሆን አንቀርም።»

አባ ወልዴ ቡራኬ እንኳ ሳይሰጡ ተነሡ። ሕዝቡን ለማጽናናት የሄዱ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስንደርስባቸው በቅሏቸውን ጭነው፣ በአንድ ጎን መጽሐፋቸውን በሌላው ጎን ሙሉ ጋን ጠላ አድርገው ከሁላችን ቀድመው የጮቄን ዳገት ይዘውት ነበር። ከሰዓት በኋላ መንደሩ ባዶ ሆነ። በሬው፣ አህያው፣ አሮጊቱ፣ አራሱ፣ ሁሉም ወደ ተራራ። አንዲት ሴት ሊጧን እንደተሸከመች ወጣች፤ ሊጡ በብርዱ ደርቆ ድንጋይ ሆነ። አያ ቢሻው የሹመት ካባቸውን ረስተው ተመልሰው ሊያመጡ ሲሉ ሚስታቸው «ካባውን ለአሞራው ልታለብሰው ነው?» ብላ አስቀረቻቸው።

የጮቄን ብርድ ያላየ ሰው ስለ ብርድ ባያወራ ደስ ይለኛል። ሁለት ቀን አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሥር ተኮራምተን ከረምን። በመጀመሪያው ቀን ሰዉ ያመሰግነኝ ነበር። «ተሜ ባይኖርልን አልቀን ነበር» እያሉ የሞቀውን ቦታ ሰጡኝ፣ ዳቦ ቆረሱልኝ። እኔም በትሕትና እቀበላለሁ። በሁለተኛው ቀን አያሌው ነገሩን ሰምቶ «እናቴን አርዳለሁ ያለውን ሰው ገድዬ ነው የምመለስ» ብሎ ከሰባት ጓደኞቹ ጋር ወደ ወንዙ መውረዱን ሰማን።

ሰዉ እልል አለ። አክስቴ ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

«እሱ ሽማግሌ ከሞተ መንደሩን ያቃጥሉታል» አለች። «ወርጄ ልለምነው። እኔን የሚያርድ ከሆነ ይረደኝና ከዚህ አገር ይሂድልኝ፤ አያሌው እጁን አያስገባ።»

«አክስቴ፣ ይቅርብሽ...»

«አንተ ደግሞ ተነሥ። የምለውን ማን ይነግረዋል?»

እንደምንም ብዬ ቀኝ እግሬን ብርድ እንደመታው ላስረዳት ሞከርኩ። ጆሮዬን ይዛ ጎተተችኝ፤ ጆሮዬን ብርድ አልመታውም ነበር።

ወንዙ ጋ ደረስን። ከቤፔ ድንኳን አጠገብ ሃያ የሚሆኑ ወታደሮች ቆመዋል፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ወዲያ ወዲህ ይላል። መንደሩ በአንድ ቀን ባዶ ሲሆን፣ አመፅ ነው ብለው ከደብረ ማርቆስ የመጡ ናቸው። እሳት ለመለኮስ ችቦ አዘጋጅተዋል። ማዶ ከገደሉ አናት፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ ብልጭ ሲል አየሁ። አያሌው ነው። እኔና አክስቴ መሐል ነን።

ቤፔ ሲያየን እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ እየጠቆመ ለመቶ አለቃው ተናገረ። አንድ ነገር ብቻ ለየሁ፤ አስተርጓሚው እሱ ነው እያለ ነው። መቶ አለቃው ፊቴ መጥቶ በቁጣ ረጅም ነገር ጠየቀኝ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድም ቃል ከማውቃቸው ቃሎች ጋር ዝምድና አልነበረውም።

ያኔ አክስቴ ቤፔ እግር ሥር ተንበረከከች። እንባዋ ይወርዳል፣ ደረቷን ትመታለች።

«ሆዴ! አንጀቴ! ምን አደረግኩህ? አፈር ልብላልህ! እኔ ልሙትልህ! ድፍት ልበልልህ የኔ ጌታ!»

መቶ አለቃው ወደ እኔ አፈጠጠ። ተርጉም ነው። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። በአእምሮዬ ያለውን ሁሉ ፈተሽኩ። ሆድ? ሆድን አውቃለሁ! ድንጋይ ተሸካሚ ሆዱን ሲያመው ቤፔ «ፓንቻ?» ነበር የሚለው። አፈርም «ቴራ» ነው፤ ሲቆፈር ሰምቻለሁ። ሞትም «ሞርቶ» ነው፤ አንዲት በቅሎ የሞተች ቀን ተምሬዋለሁ። መብላትም «ማንጃ»። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉ ነገር አለኝ! ለአክስቴ ክብር ብዬ ደግሞ «ቱቲ»ን ጨመርኩበት። ቱቲ ለብዙ ሰው ሲባል ስለሰማሁ፣ በእኛ ቋንቋም አክብሮት እንደ ብዙ ሰው ስለሚነገር፣ «እርስዎ» ማለት ነው ብዬ ደምድሜያለሁ፤ «ሁሉም» ማለት መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው።

ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ጮህኩ። «ፓንቻ! ፓንቻ ቱቲ! ቴራ ማንጃ! ሞርቶ! ሞርቶ ቱቲ!»

ይህን ባልኩበት ቅጽበት አክስቴ ቃሏን ጠብቃ ድፍት አለች።

የመቶ አለቃው ፊት እንደ ኖራ ነጣ። ባዶውን መንደር አየ። መሬት ላይ የተደፋችውን ሴት አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ በቀጭን ድምፅ «ኮሌራ?» አለ።

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። የአክስቴን ስም የጠየቀ መሰለኝ። ያልገባኝን ነገር በእሺታ ማለፍ ደግሞ የቆየ ልማዴ ነው። «ሲ፣ ሲኞር!» አልኩ በፈገግታ። «ኮሌራ ቱቲ!»

ሠራዊት ሲሸሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በእሳት ላይ የተጣደ ምሳቸውን ጥለው፣ ችቦውን ውኃ ውስጥ ወርውረው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተሰናከለ ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ ነጐዱ። መቶ አለቃው ከፊት ነበር። በዚያ ፍጥነት አባ ወልዴን ሊወዳደራቸው የሚችል እሱ ብቻ ነው።

ቤፔ ግን አልሸሸም። እሱም «ኮሌራ» ሲባል ሰምቷል፤ ለመሸሽ በቂ ጊዜ ነበረው። በዚያ ሁሉ ሆዱ እየተንፈራገጠ ተንበርክኮ አክስቴን ከመሬት አነሣት። ራሷን ክንዱ ላይ አሳረፈ፤ በራሱ ኩባያ ውኃ አመጣላት፤ መጀመሪያ እሱ ተጎነጨላት፣ ውኃው ደህና መሆኑን እንድታይ። ይህ ሰው ሊያርዳት የነበረ ሰው አይመስልም ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጠርኩ።

አክስቴ ቀና ስትል፣ ቤፔ እጁን እንደገና ወደ አንገቱ ሰደደ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ከሸሚዙ ውስጥ በሐብል የታሠረች ትንሽ የብር ክብ ነገር አውጥቶ በጥፍሩ ሲከፍታት አየሁ። ውስጧ ፎቶግራፍ አለ። ጥርሷ የወለቀ፣ ጸጉሯ እንደ ጠቦት የተጠቀለለ፣ ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ።

«ካራ» አለ ቀስ ብሎ። «አሞሬ። ቤላ።» ጣቶቹን ስሞ ወደ ሰማይ በተናቸው፤ ወደ አገሩ በኩል መሆኑ ነው።

ኋላ ደብረ ማርቆስ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ጠይቄ፣ ውዴ፣ ፍቅሬ፣ ቆንጆዬ ማለት መሆኑን ነግሮኛል። አክስቴ ግን ጠያቂ አላስፈለጋትም።

«የልጅ ልጁ ናት!» አለች። «የሷ ወረቀት መጥቶለት ነው ያን ቀን ያለቀሰው! ወይ የኔ ምስኪን፣ ወይ ሆዴ...» ፎቶግራፏን ሳመቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ለሌባ ቁልምጫ የማታጣው አክስቴ ለእኔ አጣች። «አንተ ደንቆሮ!» አለችኝ።

«እናቴ፣ ፈቀቅ በይ!»

አያሌው ከቁጥቋጦው ወጥቶ ከአሥር እርምጃ ላይ ጠመንጃውን ደግኗል። ጓደኞቹ ከኋላው ናቸው። ቤፔ እጁን አነሣ፤ ክቧ የብር ነገር ደረቱ ላይ ተከፍታ ተንጠለጠለች። አክስቴ ፈቀቅ አላለችም። እንዲያውም ሆዱን በጀርባዋ ከለለችው፤ ከግማሹ በላይ ግን ወዲያና ወዲህ ተርፎ ይታያል።

«ተሜ» አለ አያሌው ዓይኑን ከአፈሙዙ ሳያነሣ። «አንገቷን እቆርጣለሁ ብሏታል ወይስ አላላትም?»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። «ብሏል» ብል ሰው ይሞታል። «አላለም» ብል አጥቢያውን ሙሉ ተራራ ላይ በብርድ የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ አያሌው ደግሞ ጥይት ቢቆጥብ እንኳ ቂም አይቆጥብም። ስድስት ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ ገብታ የማታውቅ ቃል እንደ አጥንት ወጣች።

«አላውቅም።»

«ምኑን ነው የማታውቀው?»

«ጣልያንኛ።»

አያሌው ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አወረደ። አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን በሰደፍ አንድ ጊዜ ብቻ አለኝ፤ ዛሬም ደመና ሲጠቁር ይታወቀኛል። ከዚያ ለቤፔ በአገጩ መንገዱን አሳየው። ሂድ፣ አትመለስ ማለት ነው። ይህን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

ቤፔ በቅሎው ላይ ወጣ። ለአክስቴ ባርኔጣውን አነሣላት። «ክፉህን አልይ፣ ልሙትልህ፣ ለልጅህ ያብቃህ» አለችው እያለቀሰች። እሱ ቆም አለና እንደ ልማዱ ምን አለች ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። ብዙ ቃል ወደ አፌ መጣ። ጥርሴን ነክሼ ራሴን ነቀነቅኩ። እሱም ሳቅ ብሎ በቅሎውን ነካት። ከዚያ ወዲያ አላየነውም፤ ድልድዩም በአንድ እግሩ እንደቆመ ቀረ።

ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሎን መንደራችን ገባን። በሳምንቱ ነጭ ልብስ የለበሱ፣ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ጣልያኖች፣ በሁለት በቅሎ በርሜል ጭነው መጡ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ሆድ አጣቢው የጉሎ ዘይት ነበር። ኮሌራን የሚያወጣው እሱ ነው ብለው ይሆናል፤ ብቻ ከወይራው ሥር አሰለፉንና በየተራ አንዳንድ ጣሳ ያጠጡን ጀመር። ወታደር ከቦናል፣ እምቢ ማለት የለም። አባ ወልዴ «ጾም ነው! ጾም ነው!» እያሉ ጮኹ፤ ሁለተኛው ጩኸታቸው ዘይቱ ውስጥ ሰመጠ።

አያ ቢሻው ተራቸው ሲቃረብ ደበሎዬን ጨምድደው ያዙኝ። «ተሜ፣ በማርያም! አልታመምንም በላቸው! ደህና ነን በላቸው!»

«አያ፣ እኔ ጣልያንኛ አላውቅም» አልኩ በትሕትና።

«አሁን ነው የማታውቀው?» አሉ።

ሰልፉ ሙሉ ዞሮ አየኝ። ያን ቀን ሁሉም ሰው አንድ ጣሳ ጠጣ፤ እኔ ሁለት ጠጣሁ። ሁለተኛውን ያጠጡኝ ጣልያኖች አይደሉም።